የላቀው እፍኝ

ጆንያዎቹ ጆሮ ያወጡት ላቀው መንግሥቴ ሚዛን ቤት በገባ በአሥራ አራተኛው ዓመት ነው። ጆሮዋ የሽንብራ ፍሬ ታክላለች። ከጆንያው አፍ ጋር ትሰፋና ከገንዳ ውኃ ከተማ እስከ ባሕር ማዶ ድረስ ጆንያው ምን ያህል እንደመዘነ፣ ማን እንደነካው፣ አጠገቡ ምን እንደተባለ ትይዛለች። በመጀመሪያው ዓመት ጫኞቹ መጋዘን ውስጥ በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት። በሁለተኛው ዓመት መሳደብ ሲያምራቸው ወደ ውጭ ወጥተው፣ ተሳድበው ይመለሱ ጀመር። አሁን፣ በሁለት ሺህ ስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ነገሩ ተለምዷል። ጠዋት የሚገባ ሰው ሁሉ ወደ ክምሩ ዞሮ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። ሰላምታ ያልሰማ ጭነት ባሕር ማዶ ሲደርስ «የሥራ ቦታው ሰላም የለውም» ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል።

ላቀው ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው። የሰሊጥ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ሠራተኛ ሲሆን ሥራው እያንዳንዱን ጆንያ ሃምሳ ኪሎ ላይ ማቆም ነው። ከሃምሳ አንዲት ፍሬ አይበልጥም፣ አንዲት ፍሬ አያንስም። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልተሳሳተም። ይህን የሚለው እሱ አይደለም፤ በሚዛን ቤቱ በር ላይ የተሰቀለው የምስክር ወረቀት ነው። «ስህተት፦ ባዶ» ይላል። ላቀው ሁልጊዜ ጠዋት ከመግባቱ በፊት ያንን ወረቀት በእጅጌው ይወለውለዋል።

ሃምሳው ኪሎ ሞልቶ ሚዛኑ ከመዘገበው በኋላ፣ ጆንያው ከመሰፋቱ በፊት፣ ላቀው ግራ እጁን አጠገቡ ወደቆመው ትንሽ ጆንያ ይሰድድና አንድ እፍኝ ሰሊጥ አፍሶ ይጨምርበታል። ምራቂ ነው። ትንሹ ጆንያ የማኅበሩ አይደለም፤ በየዓመቱ ከራሱ ማሳ አምጥቶ የሚያቆመው ነው። ለምን እንደሚያደርገው የጠየቀው ሰው አልነበረም። በገንዳ ውኃ ገበያ ጣሳ ሰፍሮ፣ ምራቂ ሳይጨምር «በል ውሰድ» የሚል ሻጭ የለም። ልክ በልክ የሚሰፈረው ለተጣሉት ሰው ነው።

በየካቲት አጋማሽ የማኅበሩ ሊቀመንበር አዛሉ መኰንን ሚዛን ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል።

«ጋሽ ላቀው፣ እስቲ ውጣ» አለች፣ እየቀነሰች።

ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ጆሮ የማይደርስበት ቦታ እሱ ብቻ ስለሆነ የማኅበሩ ትልልቅ ውሳኔዎች የሚወሰኑት እዚያ ነው።

«ባለፈው የላክነው ሦስት መቶ ሰማንያ ጆንያ ወደብ ላይ ታስሯል» አለች።

«ምን ሆኖ?»

«ከብዶ።»

«ሰሊጥ እንዴት ይከብዳል?»

«እያንዳንዱ መቶ መቶ ግራም ከብዶ። ዱሮ ትንሽ ልዩነት ይፈቅዱ ነበር፤ ከዘንድሮ ጀምሮ የሚፈቀደው ዜሮ ነው። ገዢው ከስሶናል። ምን ጨምራችሁበት ነው ይላል።»

ላቀው ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

አዛሉ እጁ ሲገባ አየች። «እኔማ አውቄዋለሁ» አለች። «ሁለት መቶ አሥራ አራት አባወራ ነው ያለን። ከተፈረደብን ሰባት ዓመት ባሕር አንሻገርም። ሰባት ዓመት! አንተ እፍኝህን ሰጥተህ እኛን እፍኝ አመድ ልታደርገን?»

«ለክፉ አላደረግሁትም።»

«ለክፉ አላልኩህም። ነገ ጠበቃው ጋ ሂድ፤ የሚልህን በል፤ በቃ።»

የላኪዎች የሕግ ድጋፍ ጣቢያ በጎማ ጥገናው እና በፀጉር ቤቱ መካከል ያለች አንዲት በር ናት። ከባሕር ማዶ ሰው ጋር የተካሰሰ ሁሉ ያለ ክፍያ ይገለገልባታል። ውስጧ ሁለት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማሰሮ ውኃ አለ። ጠበቃው ሰው አይደለም፤ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ወንበር የአጃቢዋ ነው፤ «ማንም ዜጋ ያለ ሰው ብቻውን አይከሰስም» የሚል ሕግ ስላለ እያንዳንዱ ጣቢያ አንድ አጃቢ አለው። የዚህችኛዋ ስም ኤፍራታ ይባላል። አምስት ዓመት ሕግ ተምራለች። በሥራ ሰዓት እንድትናገር የተፈቀዱላት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ «ውኃ ይጠጡ»፣ «ይተንፍሱ» እና «ጊዜዎ አልቋል»።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ» አለ ጠበቃው። የጎንደር ሰው ለዛ አለው። «ፋይልዎን አይቻለሁ። አይዞዎት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ላቀው። ወዴት ዞሮ እንደሚያወራ ስላላወቀ ማሰሮውን እያየ ነው። «የገዢው ጠበቃ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ዳኛውስ?»

«እኔው ነኝ። ሥጋት አይግባዎ፤ በመካከላችን ግድግዳ አለ።»

ላቀው አሰበ። «ግድግዳውን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ውኃ ይጠጡ» አለች ኤፍራታ።

ላቀው ጠጣ። ጠበቃው ነገሩን አስረዳው። ከልክ በላይ ለሆነ ጭነት ቅጹ ላይ ሦስት ሣጥን አለ። አንደኛው «ስህተት» ነው፤ ሁለተኛው «መደለያ»፤ ሦስተኛው «የተደበቀ ዕቃ»። መደለያ ከሆነ ማኅበሩ ሰባት ዓመት ይታገዳል። የተደበቀ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ዐሥር። ስህተት ከሆነ ጭነቱ ይለቀቃል፤ የመዛኙ ፈቃድ ግን ይሰረዛል። አንድ መዛኝ በዕድሜው ሦስት ስህተት ይፈቀድለታል፤ ይህ ሦስት መቶ ሰማንያ ነው።

«ስለዚህ ስህተት ይበሉ» አለ ጠበቃው።

«አልተሳሳትኩም።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«አራተኛ ሣጥን የለም፣ አባቴ።»

ላቀው «በሩ ላይ ያለውስ ወረቀት?» ብሎ ጠየቀ።

«በሌላ ይተካል። ለአንድ ዓመት እዚያው ይሰቀላል። "የዚህ ሰው ሚዛን አይታመንም" የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ይነሣል።»

«ይተንፍሱ» አለች ኤፍራታ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ችሎቱ በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ተከፈተ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የተመደበው ጊዜ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ችሎት ግልጽ መሆን ስላለበት ድምፁ በማኅበሩ ግቢ በድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። አባላቱ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ጫኞቹ ገለባ ላይ ተኝተዋል። የላቀው ታናሽ ወንድም አስማረም እዚያው ነበር። አስማረ ከተማው ዳር የዘይት መጭመቂያ አለው፤ በየወሩ ከማኅበሩ ስድስት ጆንያ ይወስዳል። የዚያን ቀንም ለዚያው መጥቶ፣ ሚዛን ቤቱ ዝግ ሆኖ ስላገኘው ነበር የተቀመጠው።

«ወንድሜ አይሳሳትም» አለ ለጎረቤቱ። «ልጆች ሳለን ቆሎ ሲያካፍለን እንኳ ይቆጥር ነበር።»

«ዛሬ ግን ተሳስቻለሁ ይበል እንጂ» አለች አዛሉ።

ጣቢያው ውስጥ ዳኛው ጀመረ። ድምፁ ያው የትናንቱ ነው፤ የጎንደሩ ለዛ ብቻ ተነሥቶለታል።

«ላቀው መንግሥቴ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ጆንያ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ኪሎ ትርፍ ሰሊጥ ተገኝቷል። ስህተት ነው?»

ላቀው አፉን ከፈተ። ማኅበሩን አሰበ። አዛሉ «የሚልህን በል» ማለቷን አሰበ። ቃሉ አጭር ነው።

«ውኃ ይጠጡ» አለች ኤፍራታ።

ጠጣ። እስኪጨርስ ድረስ ዐይኗን አልነቀለችም። ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ አፉ ላይ የነበረው ቃል አብሮ ወርዷል።

«አይደለም» አለ። «ምራቂ ነው።»

ግቢው ውስጥ አዛሉ ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

«ምራቂ ምንድን ነው?» አለ ዳኛው።

«ሰፍረህ ስትጨርስ የምትጨምረው ነው።»

«በምላሹ ምን ይጠበቃል?»

«ምንም።»

«ተቀባዩ እንደተሰጠው ያውቃል?»

«አያውቅም። ጆንያው ተሰፍቶ ነው የሚደርሰው።»

«ሳያውቅ ከተሰጠው ምን ጥቅም አለው?»

«እሱ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ።»

«ጥያቄውን በድጋሚ ላንብብልዎ። ምን ጥቅም አለው?»

ላቀው እጆቹን አየ። «እንዴት ልበልህ» አለ። «ልክ በልክ ሰፍረህ ስትሰጠው ሰውየውን ገፍተህ እንደማስወጣት ነው። ምራቂ ስትጨምር ደግሞ በሩን አልዘጋህበትም። ደግሞ ና እንደማለት ነው።»

«ገዢውን አይተውት ያውቃሉ?»

«የት አይቼው።»

ዳኛው ለአራት ሰከንድ ጸጥ አለ። በዚያ ችሎት እንዲህ ረጅም ጸጥታ ተሰምቶ አያውቅም።

«ጆሮዎች የአሥራ ሰባት ዓመት መዝገብ አላቸው» አለ። «ከዚህ ሚዛን ቤት የወጣ ጆንያ ሁሉ፣ ወደ ባሕር ማዶ የሄደም ሆነ እዚሁ ከተማ የተሸጠ፣ በአንድ እፍኝ ይበልጣል። የገዢው ጠበቃ እንደሚለው፣ ሁሉም ላይ ካለ ስጦታ ሊሆን አይችልም፤ የተበላሸ ሚዛን ነው። ስጦታ የሚባለው መከልከል ሲችሉ ነው። ከልክለው ያውቃሉ?»

ላቀው ግራ እጁን እንደገና ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«መዝገቡ ላይ በልኩ ሃምሳ ኪሎ የሆኑ ስድስት ጆንያዎች አሉ» አለ ዳኛው። «ስድስት ብቻ። መጋቢት ዘጠኝ ቀን ሁለት ሺህ ሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት። እነዚህ ስድስቱ ለምን ሳይጨመርባቸው ቀሩ?»

ላቀው ዐይኑ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ዝግ ነው። ድምፁ ግን ግቢ ድረስ እንደሚሰማ ያውቃል። ማን እንደተቀመጠም ጠዋት ሲያልፍ አይቷል።

«መልስ ካልተሰጠ ስህተት ተብሎ ይመዘገባል» አለ ዳኛው። «አንድ ደቂቃ ቀርቶዎታል።»

ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ በአባታቸው ተዝካር ላይ፣ አስማረ ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ ሄዶ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት ተኳረፉ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች አስቀመጧቸውና ታላቁ ሽማግሌ ላቀውን «በሆድህ የቀረ ነገር አለ? ያደረግኸው ካለ አሁን አውጣው» አሉት። ላቀው «ምንም የለም» ብሎ ወንድሙን ስሞ ተነሣ።

«የወንድሜ ነበሩ» አለ ላቀው። «ተጣልተን ነበር።»

«ስድስቱንም ሆን ብለው ነው በልኩ የሰጡት?»

«ሆን ብዬ ነው።»

«ጊዜዎ አልቋል» አለች ኤፍራታ። ሕጉ ስለሚያስገድዳት ነው።

ግቢው ውስጥ ማንም ወደ አስማረ አልዞረም። ዞር ላለማለት ሁሉም ስለተጠነቀቁ አንገታቸው ደረቀ። አስማረ ተነሣ፣ ኮቱን አራገፈ፣ ስድስቱን ጆንያ ሳይወስድ ወጣ።

ፍርዱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። አዛሉ ላቀውን ይዛው ወደ መጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ሮጠች፤ ያነበበችው ግን እየጮኸች ስለሆነ ወደዚያ መሄዷ አልጠቀመም።

«አሸነፍን! ጋሽ ላቀው፣ አሸነፍን እኮ ነው የምልህ! "መስጠትም መከልከልም የተቻለ በመሆኑ ልማድ መሆኑ ተረጋግጧል" ይላል። ጭነቱ ተለቋል። ፈቃድህም አልተነካም።»

«አራተኛ ሣጥን አወጡ?»

«ከዚያም ይበልጣል! አንቀጽ አወጡልህ። ስማ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። «"ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ አገር የሚወጣ ማንኛውም ሃምሳ ኪሎ ሰሊጥ መቶ ግራም ምራቂ ይኖረዋል። ሚዛኑ ይመዘግበዋል። ምራቂው ከመቶ ግራም ቢያንስ ውል ማፍረስ ነው። ከመቶ ግራም ቢበልጥ ትርፍ ዕቃ ነው። በአገር ውስጥ ሽያጭም ላይ ይሠራል።" የአንተን እፍኝ አማካይ አውጥተው አንድ መቶ አንድ ግራም ሆኖ አግኝተውት ነው፤ አንዷን ጣሏት።»

ላቀው «ጥሩ ነው» አለ።

«ምነው? ደስ አላለህም?»

«ደስ ብሎኛል።»

በሳምንቱ ትንሽ ሚዛን መጣች፤ የቡና ሲኒ የምታክል ሳሕን አላት። ላቀው ሃምሳ ኪሎውን በትልቁ ይመዝናል፣ መቶ ግራሙን በትንሿ ይመዝናል፣ ገልብጦ ያሰፋዋል። ምራቂው ከማኅበሩ ሰሊጥ ስለሚወሰድ የራሱ ትንሽ ጆንያ አያስፈልግም ተባለ። አፉን አስሮ እዚያው ግድግዳው ጥግ አቆመው። ከሌላ ወረዳ የመጡ መዛኞች ምራቂ አሰጣጥ ሊማሩ ሁለት ቀን አጠገቡ ቆመው ጻፉ። አንደኛው «በግራ እጅ መሆን አለበት ወይ?» ብሎ ጠየቀው።

ላቀው በየመንገዱ ሰው ያመሰግነዋል። አስማረ ግን አይታይም። ቤቱ ሄዶ ነበር፤ ሚስቱ «መጭመቂያው ጋ ነው» አለችው። መጭመቂያው ጋ ሲሄድ ደግሞ ልጁ «ቤት ነው» አለው። መጭመቂያው እየዞረ ነው፤ ሰሊጡን ከሌላ ከተማ አስመጥቷል።

አስማረ የመጣው በመጋቢት ሃያ ነው። የሌላው ከተማ ሰሊጥ አፈር በዝቶበት መጭመቂያውን ስላሳነቀው እንደሆነ ኋላ ተሰማ። በሩ ላይ ቆመ።

«አቶ ላቀው፣ ስድስት ጆንያ» አለ።

ወንድሙን አቶ ብሎት አያውቅም። ልጅ ሆኖም ጋሼ ነው፣ ሸምግሎም ጋሼ ነው።

«እሺ» አለ ላቀው።

የመጀመሪያውን መዘነ፤ ሃምሳ። መቶ ግራሙን መዘነ፣ ገለበጠ። አስማረ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ያያል። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ እንዲሁ አደረገ። ጫኞቹ ሰፍተው፣ ጆሮውን አስገብተው፣ ጋሪው ላይ ደረደሩትና ወጡ።

አስማረ አልተንቀሳቀሰም።

«ይህ የሕጉ ነው» አለ። «ያንተስ የታለ?»

ላቀው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ጋሪውን አየ፣ ክምሩን አየ። በየጆንያው አፍ ላይ ያሉት ጆሮዎች እንደ ሽንብራ ተደርድረዋል። ሄዶ ጥግ ያቆመውን ትንሽ ጆንያ ፈታ። ግራ እጁን ሰድዶ አንድ እፍኝ አወጣና፣ የሚጨምርበት አጥቶ፣ መሐል ቤት ቆመ። ጆንያዎቹ ተሰፍተዋል።

አስማረ የኮቱን ኪስ ከፈተለት።

ሰሊጡ ሲወርድ ትንሽ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የጀመረ ይመስላል። ላቀው ተመልሶ ሁለተኛ እፍኝ አመጣ፤ ከዚያ ሦስተኛ። የቀኙ ኪስ ሞላ፤ ወደ ግራው ተዛወሩ። አራት። አምስት።  ስድስተኛው በደረት ኪስ አልበቃ ብሎ፣ አስማረ ቆቡን አውልቆ ዘረጋው።

«የሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረቱ ነው» አለ ላቀው።

«የምንህ እንደሆነማ አውቄዋለሁ» አለ አስማረ። ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ፣ ኪሶቹ ተነፋፍተው፣ እንደ እርጉዝ ሴት ወደ በሩ ተራመደ። ደፉ ላይ ሲደርስ ዞረ። «ተዝካሩ ላይ የዘገየሁት ጎማ ፈንድቶብኝ ነው። ጠይቀኸኝ ቢሆን ኖሮ እነግርህ ነበር። ደህና ዋል፣ ጋሼ።»

ማስታወቂያው በማግስቱ ደረሰ። «ትናንት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በሚዛን ቤትዎ ውስጥ ስድስት ጊዜ የፍሬ መፍሰስ ድምፅ ተሰምቷል። ፍሬው የፈሰሰው ጨርቅ ላይ ሲሆን ክብደቱ ስድስት መቶ ግራም ያህል ነው። ምክንያቱን በሕግ ድጋፍ ጣቢያ ቀርበው ያስረዱ።»

ላቀው በምሳ ሰዓት ሄደ። ኤፍራታ ውኃ ቀድታ ጠበቀችው።

«አባቴ፣ እንደምን ዋሉ» አለ ጠበቃው። «ልማድ ነው እንዳይሉኝ፤ ልማዱ መቶ ግራም ሆኗል። ሣጥኖቹን ያውቋቸዋል። መደለያ ነው?»

«አይደለም።»

«የተደበቀ ዕቃ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ስህተት ነው» አለ ላቀው።

ጠበቃው መዝገቡን ገለጠ። «በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዎ ነው። እርግጠኛ ነዎት?»

«ሰው ነኝ። እሳሳታለሁ።»

«ስድስት ጊዜ?»

«አንድ ጊዜ ነው የተሳሳትኩት። እጄ ነው ስድስት ጊዜ የሄደው።»

«እንደ አንድ ይመዘገባል» አለ ጠበቃው።

«ይተንፍሱ» አለች ኤፍራታ፤ ማንም የተጨነቀ ሰው ግን አልነበረም። ከንፈሯን ነክሳ ማሰሮውን ታያለች።

ሲመለስ በሩ ላይ ያለው ወረቀት ተቀይሮ አገኘው። «ስህተት፦ አንድ» ይላል። ላቀው ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ እንደ ልማዱ በእጅጌው ወለወለውና ገባ። «እንደምን ዋላችሁ» አለ ወደ ክምሩ ዞሮ።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ስህተትም ሁለት ቀርቶታል።